ቀይዋ ራሷ እስክትነሳ

አበልጄ ኒኮላሳ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ኡሱሉታን ከተማ፣ እናቴ ቤት ሄጃለሁ።

ቀይዋ ዶሮ ከማንጎው ሥር እንቁላል ታቅፋለች። ያን ሰሞን ባዶ ጎጆዋን ታቅፋ አልነሳም ስላለች «ይውጣላት!» ብለሽ በርሜል ውስጥ ስትነክሪያት አይቻለሁ። ላባዋ እንደራሰ ተመልሳ ባዶው ላይ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው። ከጎረቤታችን ከኦቲሊያ እንቁላል ለምኜ አስታቀፍኳት።

ጉዝጓዙ ውስጥ ያለውን ሚስማር እንዳታወጪው። ሚስማሩ ከሌለ ነጎድጓድ ሲያጓራ ጫጩቶቹ ቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ይሞታሉ። ሲፈለፈሉ የቶርቲያ ቂጣ ፍርፋሪ አድቅቀሽ በትኚላቸው። ውሃውን በዝርግ ሳህን አድርጊ፤ ጥልቅ ከሆነ ይሰምጣሉ።

ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ልጄ ለአንቺም የክርስትና ልጅሽ ነበር፤ አልቅሰሽለታል። ግን በቀበርነው ማግስት፣ እኔ ደክሞኝ ተኝቼ ሳለ፣ ልብሶቹን ሰብስበሽ ለሰው ሰጠሽ። «ካላየሽው ይወጣልሻል» አልሽኝ።
የማሸተው ጨርቅ እንኳ አጣሁ።

ሳይፈለፈል የቀረ እንቁላል ካለ፣ እባክሽ ከሥሯ አትውሰጂባት።
ራሷ ትታው እስክትነሳ ጠብቂያት።

ኤርሲሊያ