በወፍ የተሳበበ ሞት

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደምሌ ካሴ፣ አዲስ አበባ፤

የኔ ጌታ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ንዴት አንገብግቦኛል። የሚጽፉልኝ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ለልጅ እንዲህ አይጻፍም» ይሉኛል። ዝም ብለው ይጻፉ!

ቴአትርህን አየሁት። ተዋንያኑ ደብረ ታቦር ይዘውት መጡ ሲባል፣ ልጄ የደረሰው ነው ብዬ በበቅሎ ሄድኩ። ለካ የእህትህን የየሻረግን ሞት ነው ስሟን ለውጠህ መድረክ ላይ ያወጣኸው! ልጅቱ ምጥ ይዟት ታቃስታለች፤ የገድ ወፏ በግራ ትጮኻለች፤ ሽማግሌው «ገዱ ከፋ፣ ዕድሏ ተቆረጠ» ይላል፤ ልጅቱ ወዲያው ጸጥ። ሰዉ «አይ ዕድል!» እያለ ተላቀሰ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ማንን ልታታልል ነው ደምሌ? ወፏ ስትጮኽ እኮ ልጄ በሕይወት ነበረች! ቃሬዛ ላይ ሆና፣ እጄን ጨብጣ፣ «እማዬ፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» ትለኝ ነበር። አባትህ መንገዱ ላይ ቆመና «መልሷት፣ በዚህ ገድ አይወጣም፣ ነገ ትሄዳለች» አለ። ስትጣራ አድራ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ወፍ ጮኸች አልጮኸች ምን ታደርጋለች? ልጄን የመለሳት ሰው ነው። ያ ሰው ቴአትርህ ውስጥ የለም። አባትህን ልትሸፍን ብለህ ወፏን ከሰስካት። እሱም ይህን ሲሰማ «እንግዲያ የኔ እጅ የለበትም» አለና ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ይተኛል።

አሁን ደግሞ ጉድህን ስማ። ታናሽህ ፈትለወርቅ ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጧል፣ ዓይኗ ይጋረድባታል። ቶሎ ደብረ ታቦር ትሂድ ብል ባሏ ተሻገር እምቢኝ አለ። እሱም ቴአትርህን አይቶ እንደ ሕፃን ያለቀሰ ነው። «እትዬ፣ የተጻፈ ላይቀር ምን ያንከራትተናል? የተማረው ልጅዎ ራሱ አሳይቶን የለም? ገዱ እስኪቀና እንጠብቅ» ብሎኝ ዐረፈው! የባላገሩን ድንቁርና ላጋልጥ ብለህ ነው አሉ የጻፍከው። ይኸው፣ ደብተራ ያላሳመነውን ሰው አንተ አሳመንከው።

ደብዳቤ እንዳትልክልኝ፤ ራስህ ና። ተሻገር የሚሰማው አንተን ነው፤ ያስለቀስከው አንተ ነህና። ወፏ ከጮኸች በኋላ የሻረግ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደተጣራች በአፍህ ንገረው። ብትቀርም ፈትለወርቅን ጎረቤት ለምኜ አወጣታለሁ፤ ተሻገር በሩ ላይ ቢቆም ረግጬው አልፋለሁ።

ግን ብትመጣ ይሻላል፣ ልጄ። የየሻረግን ቃሬዛ ከፊት የተሸከምከው አንተ ነበርክ። አባትህ «መልሷት» ሲል ከሁሉ ቀድሞ የዞረው ያንተ እግር ነው። ይህን ለሰው ተንፍሼ አላውቅም፤ መሪጌታም ይህን ሲጽፉ ብዕራቸውን አቁመው አዩኝ።

እመብርሃን መንገድህን ታቅናልህ፤ እግርህንም ወደ ኋላ አትመልስብህ።

እናትህ ካሣነሽ