የቀንዲሉ ሲባጎ

ውድ አበልጄ ስታማቲስ፣

ማክሰኞ ዕለት ልጅህ ፎቲኒ ከሲፍኖስ ደወለችልኝ። ሐኪሙ ተስፋ እንደቆረጠ፣ አንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ የመጡልህን ቄስ እንደመለስክ ነገረችኝ። «‹የያኩሚስ ደም እጄ ላይ እያለ ሥጋ ወደሙ አልቀበልም› ይላል። የክርስትና አባቴ፣ እባክህ አንተ ምከረው፤ ካንተ ሌላ ማንንም አይሰማም» ብላ አለቀሰች። እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አንተን የምመክር ሰው አይደለሁም። ስለዚያ የመርከባችን ቀንዲል አንተ የማታውቀው፣ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ደብቄው ኖሬአለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፅህን መስማት ፈራሁ፤ ፈሪነቴ ዛሬም አለቀቀኝም። ደግሞም ከደብዳቤው ጋር የምልክልህ ዕቃ አለ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

መቼም ያችን ሰርጓጅ መርከብ አልረሳሃትም። አርባ ሁለት ወንድ፣ ሁለት መጸዳጃ፣ ሦስት ሳምንት ያልታጠበ ገላ። አንድ አልጋ ለሁለት ነበርን። አንተ ለሥራ ስትነሣ እኔ ባሞቅክልኝ ፍራሽ ላይ እወድቃለሁ፤ በላብህ ሽታ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በአሥረኛው ቀን ዳቦው አረንጓዴ ሲያወጣ ምግብ አብሳዩ ባርባ ዚሲስ፣ «አትክልት አማረን ስትሉ አልነበር? ይኸው በቀለላችሁ!» ይለን ነበር። የመጸዳጃውን ቫልቭ ተሳስቼ ከፍቼ የሁላችሁንም ጉድ በፊቴ የተቀበልኩ ዕለት መርከብተኛው ሁሉ «እንኳን ለጥምቀት አደረሰህ!» እያለ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ የመጨረሻ ንጹሕ ሸሚዝህን ያለበስከኝ አንተ ነህ። እየሳቅክም ቢሆን ያለበስከኝ አንተ ነህ።

ቀንዲሉም ያንተ ነበር። ከእናትህ ቤት ያመጣኸው ቀይ ብርጭቆ፣ ከካፒቴኑ ክፍል አጠገብ በቅዱስ ኒኮላዎስ ሥዕል ፊት ይንጠለጠል ነበር። ባትሪዎቹ በሚያወጡት ጋዝ ምክንያት ባሕር ላይ አይለኮስም፤ ዘይቱ ግን ጎድሎ አያውቅም። ከሥራ የወጣ ሁሉ ጣቱን ነክሮ ግንባሩ ላይ ያማትባል። ለመጥለቅ በተዘጋጀን ቁጥር አንተ ሬንጅ በተቀባ ሲባጎ ከቧንቧው ጋር ጠፍረህ ታስረዋለህ። ከዚያ በኋላ እንዳይነካ የካፒቴኑ ትእዛዝ ነበር። ሲፍኖሳዊው ያሰረውን ራሱ ሲፍኖሳዊው ካልሆነ ማንም አይፈታውም እያሉ ይቀልዱብህ ነበር።

የዚያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ የጠላትን ጭነት መርከብ መትተን ሁለቱ አጃቢ የጦር መርከቦች መጡብን። «ጫማ አውልቁ፤ ሥራ የሌለው ይተኛ፤ የሚያስለው ጨርቅ ይጉረስ፤ ከላይ ሆነው ያዳምጡናል» ተባለ በሹክሹክታ። ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ቦምቦቹ በፈነዱ ቁጥር የግድግዳው ቀለም እየተላጠ ፀጉራችን ላይ ይረግፋል። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ድምፅ አድማጩ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ «እየራቁ ነው» አለ። አንተ ከፊት፣ ቶርፔዶ ክፍል ነበርክ። እኔ ከሥዕሉ ሥር ወለሉ ላይ ተጋድሜ ነበር።

አየሩ ከመክበዱ የተነሣ ትንፋሽ መሳብ እንደ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ዛሬ ነው የምሞተው አልኩ። ከሞትኩ አይቀር ተቀብቼ ልሙት ብዬ ዘይቱን ፈለግኩ። ተነሣሁ። ብርጭቆው ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ስለታሰረ ጣቴ አልገባ አለ። ቋጠሮህን በጥፍሬ ታገልኩት፤ እምቢ አለኝ። በጥርሴ ፈታሁት። ስታማቲስ፣ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ጣቴን ነክሬ ግንባሬን አማተብኩና መልሼ ላስር ስል ብርጭቆው ዘይት ከነካው እጄ ሾልኮ ወደቀ።

ያን ድምፅ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። መብራቱ ደብዝዞ ስለነበር እኔን ግን ያየኝ የለም። ሲባጎውን ኪሴ ከትቼ ተመልሼ ተጋደምኩ። ብዙም አልቆየ፣ አድማጩ ፊቱ ተለዋውጦ «ተመለሱ» አለ። ስድስት ቦምብ ጣሉብን። በአምስተኛው የማሽን ክፍሉ ቧንቧ ፈንድቶ ያኩሚስን ደረቱ ላይ መታው። ማሽኖቹን እንደ ሕፃን እያንጎራጎረ የሚያባብላቸው ያኩሚስ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ወደ ላይ ወጥተን አየር ካገኘን በኋላ ካፒቴኑ ሥዕሉ ፊት ሰበሰበን።

«ቀንዲሉን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አልክ።

«ሲባጎው የታለ?»

ተንበርክከህ በስብርባሪው መካከል ፈለግክ። ጣትህ ደማ። የመጀመሪያው መኮንን፣ «ተበጥሶ ቢሆን ቁራጩ ይገኝ ነበር» አለ። አንተም ቀና ብለህ ባዶውን ቧንቧ አየኸው፣ ደግሞ እጆችህን አየሃቸው።

«እንግዲያው አላሰርኩትም ማለት ነው፣ ጌታዬ። ረስቼዋለሁ።»

አንድ እርምጃ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ሲባጎው ጭኔን ይነካኝ ነበር። አንድ ቃል በቂ ነበር። ይልቅስ እጄን ትከሻህ ላይ አኖርኩ። ዘይቱ ገና አልደረቀም ነበር። አንተ ዞረህ በምስጋና አየኸኝ፤ ያ አስተያየትህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናለ። በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ያኩሚስን በብርድ ልብስ የሰፋኸው አንተ ነህ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለህ። እግሩ ጋ ስትደርስ ክር አለቀብህ። «ፓንዴሊስ፣ ኪስህ ውስጥ ሲባጎ አይጠፋም መቼም፤ የለህም?» አልከኝ። «የለኝም» አልኩህ። የጫማህን ማሰሪያ ፈትተህ በሱ ጨረስከው። ያኩሚስን ባሕር ውስጥ ስናወርደው አንተ ጫማህ እየወለቀ ነበር የቆምከው።

በፋሲካ ባርባ ዚሲስ በደበቃት ጥቂት ቀይ ቀለም የነከራቸውን ዕንቁላሎች ሲያድል፣ እንደ ወጉ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ብሎ ካንተ ጋር ዕንቁላል ሊያጋጭ የመጣ አልነበረም። የሰደበህ የለም፤ ዝም ነው ያሉህ። እኔ መጥቼ አጋጨሁህ። ያንተ ተሰበረ፣ የኔ ደህና ወጣ። ቤይሩት ስንደርስ ከመርከቧ አውርደው ድንች ላጭ አደረጉህ። መሰላሉ ላይ ቆመህ፣ «አንተ ብቻ ነህ ያልሸሸኸኝ፤ ልጅ ከወለድኩ ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ» አልከኝ። እኔ በዚያው ወር ማዕረግ ተጨመረልኝ።

ቃልህን ጠበቅክ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ እጄ ላይ ዘይት አፈሰሱ፤ ራቁቷን ፎቲኒን አሳቀፉኝ፤ እየተንሸራተተች ስትፈራገጥ አንተ ከኋላ፣ «አበልጄ፣ አደራህን እንዳትጥላት!» ብለህ ሰዉን ሁሉ አሳቅክ። እኔም የሳቅኩ መስሎህ ነበር። እንባዬ ሲወርድ ደስታ ነው ብላችሁ ተረጎማችሁልኝ።

በየዓመቱ ወደ ቮሎስ እየሄድክ የያኩሚስን እናት ኪራ ማሪጎን ስትጠይቅ፣ እንጨት ስትፈልጥላት፣ ጣራዋን ስትጠግንላት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አብሬህ ሄጄ አላውቅም። ሥራ በዛብኝ እልህ ነበር። በቤትህ ሥዕል ፊት ቀንዲል እንዳይሰቀል መከልከልህን ሚስትህ ገበታችሁ ላይ ስትነግረኝ፣ ዓሣዬን መብላት ቀጠልኩ። መጀመሪያ ላይ የፈራሁት የጦር ፍርድ ቤቱን ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የሚፈርድብኝ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የፈራሁት አንተን ማጣት ነው። ወዳጅነትህን ወድጄ፣ ወዳጄን በሰው ደም ውስጥ ትቼው ኖርኩ። ከዚህ የባሰ ነገር ስለራሴ አላውቅም፤ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ፎቲኒ፣ የምታነቢለት አንቺ ከሆንሽ፣ እዚህ ላይ አትዝለዪ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ቄሱ ባሉበት ደግመሽ አንብቢው። ቀንዲሉን ከባሕር በታች የፈታሁት እኔ ነኝ። የጣልኩትም እኔ ነኝ። ያኩሚስ የሞተው በኔ ነው። አባትሽ ምንም አላጠፋም።

ዘንድሮ ቮሎስ የምሄደው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ኪራ ማሪጎ በሯን ብትዘጋብኝ ደጇ ላይ ቆሜ እናገራለሁ፤ ጎረቤቶቿም ይስሙ። ከዚያ፣ እንዳልመጣ ካላስከለከልከኝ፣ ወደ ሲፍኖስ እሻገራለሁ። ብታስከለክለኝም ትክክል ነህ።

ሲባጎውን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ሬንጁ ደርቋል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ፎቲኒ በመስኮቱ ብርሃን ታሳይህ፤ የትም ቦታ አልተበጠሰም። ከጫፉ አጠገብ የተላላጠው ቦታ የጥርሴ ምልክት ነው። በመዳፍህ ያዘው። ቄሱ ሲመጡም እንደያዝከው ተቀበላቸው።

አስረኸው ነበር፣ ስታማቲስ። አጥብቀህ አስረኸው ነበር።

ፓንዴሊስ
ፒሬዎስ