ባለ ሁለት ዘለበት አፎት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ማቴዎስን ያሰሩት ገጀራ ስለያዘ አይደለም፤ ገጀራውን ስለጠቀለለ ነው። ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የተነገረኝ ይኸው ነው። ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ብብቱ ሥር ይዞት ወጣ። ኬላው ላይ አስፈቱት። "ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?" አሉት።

እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው! እኛ ሰፈር ባዶ ስለት ይዞ በሰው ደጅ ማለፍ ነውር ነው። እንደ ሰሞኑ ግርግር ሲኖር ደግሞ ይብስ። ሁሉም ይጠቀልላል። ጨዋነቱ ነው ያሳሰረው።

ማቴዎስ ከወላይታ መጥቶ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረ ቆየ። የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለቤቴ ፈይሳ ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ የገፈርሳው ባሕር ዛፍ በማቴዎስና በእኔ እጅ ነው። ዓርብ የጣልነው ዛፍ እዚያው መሬት ላይ ተጋድሟል። ቅርንጫፉ አልተመለመለም፣ ቅርፊቱ አልተላጠም። ቅርፊት ከደረቀ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ያን ጊዜ አጠና ብሎ የሚገዛው የለም፣ ማገዶ ነው። ለቡራዩ ቤት ሠሪዎች አጠና ካልሸጥን ዓመቱን የምንበላው ከየት ይመጣል?

ነገ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ

ተፈታ! ሽማግሌዎቹ ዋስ ሆኑት። ገጀራው ግን እዚያው ቀረ።

ፊቱ ደህና ነው። ዓይኑ ግን አያየኝም። ቤት አስገብቼ ሽሮ አቀረብኩለት፤ ሁለቴ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። "እትዬ ጫልቱ፣ አገሬ ልግባ። ለእንጨት ብዬ አልሞትም" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እሱ ከሄደ ያ ሁሉ ግንድ ለብቻዬ አይገፋም።

"እስከ ሰኞ ታገሠኝ" አልኩት። ሰኞ ምን እንደማደርግ እንኳ ሳላውቅ።

ፈይሳ ከአልጋው ሆኖ "ሁላችሁም ቤት ቁጭ በሉ፤ ዛፉ ይድረቅ" አለ። ተናደድኩ። የተከለው እሱ ነው፣ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ይድረቅ ሲል ልቡ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናደድኩ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት፦ ባዶውን ይዞ መሄድ አይሆንም። ጠቅልሎ መሄድም አይሆንም። የቀረው አፎት ነው። የቆዳ አፎት፣ ወገብ ላይ በግልጽ የሚታጠቁት፣ ከሩቅ የሚታይ። የሥራ ዕቃ መሆኑ እንዲታወቅ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አፎት ገዝቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ቡራዩ ገበያ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። አንዱ ጋ አገኘሁ። አረንጓዴ ሸራ፣ ኪስ በኪስ የሆነ፣ ጭን ላይ በማሰሪያ የሚታሰር። ሻጩ "የውጭ ነው፣ ኦርጅናል!" እያለ ሲያገላብጥልኝ ልቤ ወደደው፤ ካልበቃኝ ልመልስ ብዬ ይዤ መጣሁ።

ቤት ታጥቄው ፈይሳ ፊት ቆምኩ። ሳቀ። ወገቡን እየያዘ ሳቀ። "ጄኔራል ጫልቱ! ጦሩ የት ነው?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ። ይህን የለበሰ ሰው ከጫካ ሲወጣ ወታደሩ ምን ብሎ ይጠይቃል? ጥያቄም ላይኖር ይችላል።

መለስኩት። ሻጩ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም።

ቤት የቀረውን የራሴን ገጀራ ቅርጽ በካርቶን ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ገጀራውን ራሱን ይዤ በየከተማው አልዞርም። ደግሞ እኔን ያስሩኝና ፈይሳን ማን ያገላብጠዋል።

ሐሙስ

መንገድ ተዘግቷል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ፣ የሚጨስ ጎማ። ሚኒባስ የለም። ተኩስ ሰማን፤ ከየት እንደሆነ አልታወቀም።

መንገዱን የዘጉትን ልጆች አልኮንንም። አዲስ አበባን ለማስፋት ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መሬታችንን ሳይጠይቀን በወረቀት ላይ ቆራርሶታል ይባላል። የኔ ባሕር ዛፍ በዚያ ካርታ ላይ ምን ተብሎ ይሆን? መንገድ? የሰው ቪላ? ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ተቆጥቼም ቢሆን ዛፉን መላጥ አለብኝ። የተቆጣ ሰውም ይበላል።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር፤ ቅርፊቱን ያደርቅብኛል። በየሰዓቱ ቀና እያልኩ ደመና ፈለግሁ።

ዓርብ

ሰበታ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ በየኬላው አውርዶ ሲያስፈትሸን ካርቶኔን ያየ ፈታሽ "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። "የልብስ ቅድ" አልኩት። ውሸት አይወጣልኝም ነበር፤ ዛሬ ወጣልኝ።

ጫማ ሰፊው ከቆዳ ፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ ነው የሚሠራበት። ወጣት ነው፣ አፉ አያርፍም። ያሳየኝ አፎት ያምራል! ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እጀታውን ጭምር የሚሸፍን ክዳን ያለው። "ማዘር፣ ይሄን ታጥቀሽ ሠርግ መሄድ ትችያለሽ" አለኝ። ሠርግ የጠራኝ የለም አልኩት።

ገለበጥኩት። ስፌቱ ልክ ስለቱ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነው፤ መሐሉ ምንም ድርብ ቆዳ የለውም። "ስለቱ ክሩን ይበላዋል" አልኩት። "አይበላም!" አለ። "በራስህ ቢላዋ ሞክረው" አልኩት። አስገባ፣ መዘዘ፣ አስገባ፣ መዘዘ። ክሩ ተፈታ። ሁለታችንም ክሩን አየነው። "ሠርግ ብቻ ለሚሄድ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። አልተቀየምኩትም።

ሌላም አልወደድኩም። ክዳኑ እጀታውን ደበቀው። ገጀራ መሆኑ ካልታየ ከማዳበሪያው በምን ይሻላል? ያው መደበቅ ነው።

ስመለስ መኪና ውስጥ አንድ ነገር መጣልኝ። ሁሉም የሚሸጡልኝ ቶሎ የሚመዘዝ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ቶሎ የማይመዘዝ ነው! የሚያየኝ ሰው፣ ይቺ ሴት ይህን እስክታወጣ እኔ ሸሽቼ ቤቴ እገባለሁ እንዲል። እንዲህ ያለ አፎት የሚሠራ ማን ነው?

ቅዳሜ

ሱሉልታ። ብርዱ! እንጦጦን እንዳለፍን ጆሮዬ ጠፋ።

ፈረስ ያለበት አገር ኮርቻ ሰፊ አያጣም ብዬ ነበር፤ አላጣሁም። ኦቦ ጉደታ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ በበግ ለምድ ላይ ተቀምጠው የበሬ ቆዳ ይወጋሉ። "አካም ቡልታን" ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው "ነጋ፣ አዴ፣ ነጋ" አሉና ካርቶኔን ተቀብለው በመዳፋቸው ለኩት። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ላይ ለስለት መከላከያ ሌላ ቆዳ መሐል አስገብተው እንደሚሰፉ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ደስ አለኝ።

"እጀታው ይታይ" አልኳቸው። "ቶሌ፣ እሺ።"

"በእጀታው ላይ ሁለት ማሰሪያ ይሁን፣ ሁለቱም በዘለበት።" ቀና አሉ።

"በዘለበት? እንደ ኮርቻ መቀነት?"

"አዎ። በሁለት እጅ ካልተፈታ የማይወጣ።"

መውጊያቸውን አስቀመጡ። ተቆጡ። "አፎት እኮ እጅ ሲዘረጋለት ስለቱን የሚሰጥ ነው። ይሄ ምኑ አፎት ነው? ሳጥን ነው! አባቴ ቢያዩ ምን ይሉኛል?"

እኔም ተቆጣሁ። ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም፤ ከፍ አደረግሁ። የማቴዎስን ነገር ነገርኳቸው። ከረጢቱን፣ ኬላውን፣ ዓይኑን። "ኦቦ ጉደታ፣ ይህን የምታጠቀው ለጠብ አይደለም። ጠብ እንደማልፈልግ ከሩቅ የሚናገርልኝ ነገር ሥሩልኝ" አልኳቸው።

ከዚያ ከተሰቀለ አሮጌ መቀነት ላይ ሁለት ዘለበት ፈቱ። "ነገ ሰንበት ነው፣ አልሠራም። ዛሬ ካላለቀ አይሆንም። ያዢልኝ" አሉ። ቆዳውን ይዤ እሳቸው ሰፉ። ጣቴ ደነዘዘ። ሲያልቅ ሁለቱን ዘለበት ቆልፈው ጎተቱት፤ አልተነቃነቀም። አሁንም ፊታቸው አልተፈታም። "የሠራሁት እኔ ነኝ ብለሽ ለፈረሰኛ እንዳትነግሪ" አሉኝ።

እሁድ

ልክ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ሆኜ ሳወጣ ሳስገባ ዋልኩ። አዲስ ቆዳ ስለሆነ ግትር ነው፣ የላይኛው ዘለበት ጥፍሬን ሰበረው። ፈይሳ በመስኮት እያየ "እስክታወጪው ዛፉ ራሱ ተላጦ ይጠብቅሻል" ይላል። ይበል። ከረቡዕ ወዲህ ጨዋታውን አላገኘሁም ነበር።

ማቴዎስም ከጸሎቱ በኋላ መጣ። ልብሱን በፌስታል ቋጥሯል፤ አየሁት፣ እንዳላየሁ ሆንኩ። አፎቱን ሰጠሁት። ገለበጠው። ዘለበቶቹን ነካ ነካ አደረገ። "እትዬ፣ ይሄን ለመፍታት እኮ ቀን ይፈጃል" አለ።

"ለዚህ ነው ያሠራሁት።"

"ወታደሮቹ ባያምኑስ?"

"እኔ ነኝ የምታጠቀው። እኔ ከፊት፣ አንተ ባዶ እጅህን ከኋላ። እኔን ከያዙኝ ተመለስና አገርህ ግባ" አልኩት። ፌስታሉን አንስቶ ሄደ። ይመጣ አይመጣ እንጃ። ፈርቻለሁ። ግን እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

መጣ። በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፌስታሉን አልያዘም፤ አልጠየቅሁትም።

ኬላው ላይ ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ገና ከሩቅ ወገቤን አዩት። አንደኛው ጠመንጃውን አስተካከለ። እኔ ግን መራመዴን አላቆምኩም።

"እናቴ፣ ወገብዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ገጀራ።"

"ለምን?"

"ለባሕር ዛፍ። ገፈርሳ የጣልነው አለ።"

"እስቲ ያውጡት።"

መፍታት ጀመርኩ። የላይኛው ዘለበት እምቢ አለ። ታገልኩት። ወታደሩ ቆሞ ያያል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጠመንጃው ወርዶ፣ ሰውየው ወደ አንድ እግሩ አዘንብሎ እንደ ተሰላቸ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ነፍሴ ተመለሰች።

አወጣሁት። እጁን ዘረጋ። እኔ ደግሞ ሳላስብ ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ እጀታውን ወደ እሱ። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፣ ጠብ ያመጣል ይባላል።

ሁለተኛው ወታደር ጮኸ። "ምንድን ነው የምትጥዪው? እጁ ላይ ስጪው!" አሁን አለቀልን አልኩ።

የመጀመሪያው ግን "ተዋት፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነው" አለው። አጎንብሶ አነሳው፣ አየው፣ ከዚያ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። እጀታውን ወደ እኔ። ዘለበቶቹን እስክቆልፍ ጠበቀኝና "ይሂዱ" አለ።

ከላይ ፀሐይ ያገኘው ግንድ ደርቋል፣ ቅርፊቱ እንደ ጥፍር ተጣብቋል። ማገዶ ነው፣ አዘንኩ። ጥላ ሥር የነበረው ግን ይላጣል! ማቴዎስ በገጀራው መለመለ፣ እኔ በሹል እንጨት ላጥሁ። አንዴ ሲያፏጭ ሰማሁት፤ እንዳይተው ብዬ ቀና አላልኩም።

ልንመለስ ስንል "እትዬ፣ እኔ ልታጠቀው" አለ። ጠዋት ለራሴ ከፈራሁት የበለጠ ፈራሁለት። አፎቱን ፈትቼ ሰጠሁት።

ኬላው ላይ ሰዎቹ ተለውጠዋል። ማቴዎስ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አስቆሙት። ከየት እንደመጣ ጠየቁት፣ መታወቂያውን አገላበጡ፣ ደጋግመው አዩት። እሱ ሁለት እጁን ከወገቡ አርቆ ዘለበቶቹን አሳያቸው። አንዱ በጣቱ ጎተታቸው። አልተነቃነቁም። "ዛሬ እለፍ" አለው። ዛሬ ማለቱ አልጣመኝም። ነገ ማን እንደሚቆም፣ መንገዱም ክፍት ይሁን ዝግ፣ የሚያውቅ የለም።

ማቴዎስ ቤታችን በር ላይ አፎቱን ፈትቶ መሬት ላይ አኖረልኝ። ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ።

"ነገ በስንት ሰዓት እንነሳ?" አለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልኩት።