የጎማ እጅ ይዤ ከቢቸና ሞጣ

ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2007 ዓ.ም፣ ቢቸና

ሁሉም «ተሰማኝ» አሉ። አንድ ሰው እንኳ ለወጉ «አልተሰማኝም» አይልም?

ሥራው ቀላል ነው። የጎማ እጅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ የሰውየው የራሱ እጅ ከካርቶን ጀርባ ይደበቃል፣ እኔ ሁለቱንም በቀለም ብሩሽ እኩል እዳብሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ብዙ ሰው የጎማው እጅ የራሱ እየመሰለው ይመጣል ይባላል። ብሩሾቹን ሆን ብዬ ሳዛንፍ ግን ስሜቱ መጥፋት አለበት። ቢቸና አይጠፋም። አዛነፍኩ፤ «ተሰማኝ»። ጭራሽ የጎማውን እጅ ሳልነካ ቀረሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ የሺ «ውይ ልጄ፣ እንዴት ደስ ይላል» አሉኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው?

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ። እናቴ ትናንት በማርያም ማኅበራቸው ላይ፣ ጠበል ጠዲቁ እየተቀመሰ፣ ሁሉንም ለምናለች። «ልጄ የምትመረቀው በዚህ ነው። ተሰማን በሏት፣ እንዳታሳፍሯት።» ስቆጣት ገረማት። «ታዲያ አልተሰማንም ይበሉሽና ውደቂ?»

አማካሪዬ በሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱን ይፈልጋሉ። ይህን ይዤ ብቀርብ ይስቁብኛል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሌላ ጊዜ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ሞጣ

እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ የመጣሁትም ለዚያው ነው። ያረፍኩት የእናቴ የአጎት ልጅ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰው የሚሰበስቡልኝ እሳቸው ናቸው። «ለጥናት ነው» ከማለት ሌላ ምንም እንዳይሉብኝ ለመንኳቸው። «ምን ገዶኝ» አሉ።

አውቶቡስ ውስጥ የጎማው እጅ ጣቶች ከቦርሳዬ ወጥተው ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አማተበች። ዛሬ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። አቧራው ግን ጉሮሮዬን ዘግቶታል።

እሑድ፣ ጥር 24፣ ሞጣ

ከቅዳሴ በኋላ ጀመርን። የመጀመሪያው «ምንም አልተሰማኝም» አለ። ቀጣይዋም ምንም። እኩል ብዳብስ ምንም፣ ባዛንፍ ምንም። አንዱ ጎረምሳማ ጥርሱን ነክሶ፣ ክንዱን አጠንክሮ፣ ትግል የገጠመ ይመስል ነበር።

ጋሽ ደሳለኝን ምን ብለው እንደጠሯቸው ጠየቅኋቸው። «ማን እንደሚታለልና ማን እንደማይታለል መለያ ነው አልኳቸው። አለበለዚያ በሰንበት ማን ይመጣልሻል?» አሉ፣ ሥራቸውን አሳምረው እንደሠሩ ሁሉ። በጎማ እጅ ተታለለ ተብሎ እንዲወራበት የሚፈልግ ማን አለ?

ምን ልናገር? ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደግሞም እንግዳቸው ነኝ። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት እንጂ ከሐዘን አይደለም።

ሰኞ፣ ጥር 25፣ ሞጣ

ጠዋት አቶ ሙሉ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ተቀመጡ። እየዳበስኩ ሳለ ንብ መጥታ የጎማው እጅ ላይ አረፈች። ሰውየው ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን የራሳቸውን እጅ መንጭቀው አወጡ፤ ካርቶኑ ወደቀ።

ተሰማዎት ወይ ብላቸው፣ «ኧረ ምንም!»

ታዲያ እጅዎን ለምን ሳቡ? «ንብ ናታ። ንብ ማንን ትመርጣለች?» ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ተናደድኩ። ንቧን ደግመሽ ነይ አልላት። ንብ አይቶ የማይደነግጥስ ማን አለ? ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ እኔ ራሴ ለማየት የጓጓሁትን አይቼ ቢሆንስ?

ለአማካሪዬ ደወልኩ። የእናቴን ልመና ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «እስቲ ከመጀመርሽ በፊት ምን እንደሚጠብቁ ጠይቂያቸው» ብለው ዘጉት። ቁጣም የለ፣ ምስጋናም የለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከሰዓት በኋላ የመጡትን ብሩሽ ሳላነሳ ጠየቅኋቸው። አስቀድመው የገመቱትና በኋላ የመለሱት አንድ ሆነ። እስካሁን ስለካ የነበረው እንግዲህ ምኑን ነው፣ እጃቸውን ወይስ ግምታቸውን?

ማክሰኞ፣ ጥር 26፣ ቢቸና

ደክሞኝ ገባሁ። ሁሉንም ያስጠናችው እናቴ ናት፤ እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛው ፊት አስቀምጫት አላውቅም። ዛሬ አስቀመጥኳት።

ምን የሚሰማሽ ይመስልሻል አልኳት።

«ምን ልበልሽ?»

ምንም አትበዪኝ፣ ተሰማኝም ብትዪ አልተሰማኝም ብትዪ እመረቃለሁ አልኳት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ አልኩ።

የጎማውን እጅ አየች። እኔም ዳበስኩ። የእናቴን እጅ እንዲህ ረጋ ብዬ ነክቼው አላውቅም።

«እንጃ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይሄው የራሴ ላይ ነበር። ኋላ ወደዚያኛው የሄደ መሰለኝ። አንቺ እንድታልፊ ብዬ ይሁን፣ እውነት ሄዶ ይሁን፣ እኔም አልለየሁት።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። ከ«አዎ» ይግባ ከ«አይ» አላውቅም። በሁለቱም ከተማ ከሰማሁት ሁሉ ግን አምኜ የተቀበልኩት ይህን ብቻ ነው። አማካሪዬ ይቀበሉት እንደሆነ እንጃ።

«ጨረስሽ?» አለች፣ እጇን ከካርቶኑ ጀርባ ሳታወጣ።

ገና ነኝ አልኳት። ጨርሼ ነበር።