ሟች ልጄን «ቁልፉን መልሺ» ላሉት የስፌት መኪና ቡድናችን መሥራች

ለተከበሩ የ«መኪናዬ እምቢ አለኝ» የስልክ ቡድን መሥራች፣ መሪ፣ ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ብቸኛ ባለቤት፦

ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛልና፣ ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ ደኅና ነው? በተለይ ትእዛዝ ሲጽፉ የሚውሉት ሁለቱ አውራ ጣቶችዎ እንዴት ከርመዋል? እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከሁለት ቀን ወዲህ ብቻዬን እየሳቅሁ ጎረቤት «ምን ነካት» እስኪል ድረስ ደኅና ነኝ፤ ይህንንም ያገኘሁት በእርስዎ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ በቡድኑ ውስጥ «እትዬ ክር» ትባል የነበረችው የበጎ ፈቃደኛዋ እናት ነኝ። ልጄ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። መርዶ ነጋሪ ሆኜብዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ አርባ ሺህ ሰው እዚያው በቡድንዎ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሲያለቅስ ስለከረመ የሰሙ መስሎኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልንገር። ከስድስት ዓመት በፊት እርስዎ የስፌት መኪና የተበላሸበት ሁሉ የሚጠያየቅበት ቡድን ከፈቱ፤ ከዚያም በሁለተኛው ሳምንት ጠፉ። ልጄ ግን ቀረች። ከሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ መኪናው ክር የሚበጥስበትን፣ ጨርቅ የሚነክስበትን፣ እንደ ግመል የሚያጉረመርምበትን ሰው ሁሉ በድምፅ ታስረዳ ነበር። አንድ ደንብም አወጣች፤ መኪናው የተሠራለት ሰው ምስጋና አይጽፍም፣ መኪናውን ስልኩ አጠገብ አስኪዶ ድምፁን ይልካል። ያኔ ሁሉም «እሰይ! ዘፈነች!» ይላል። እኔ በሌላው ክፍል ሆኜ ስሰማ ልጄ ደብቃኝ ፋብሪካ የከፈተች ይመስለኝ ነበር።

አሁን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። ባለፈው ወር ብቅ ብለው «ባለቤቱ ተመልሷል፤ የቀድሞ አገልጋዮች ኃላፊነታቸውን ያስረክቡ» ብለው ጻፉ። ከልጄ ጋር ቡድኑን ይዘው የኖሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ራዲዮ ጠጋኝ የነበሩት ጡረተኛ ጋሼ ጥርስ፣ ነርሷ፣ እና መጋረጃ ሰፊዋ። ሦስቱም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ጋሼ ጥርስ «ባለቤት መጣ ከተባለማ ወንበር መልቀቅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ» ብለው ቀድመው ወረዱ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ከአርባ ሺህ ሰው ውስጥ «ለመሆኑ ባለቤት ነዎት?» ብሎ ያጣራ አንድም አልተገኘም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛ ግን ቁርበቱን አንጥፈን፣ ትራስም ጨምረን፣ «ይመችዎታል?» ብለን ጠየቅን።

ሁለተኛ። አሥራ አራት ሕግ አወጡ። ስድስተኛው የመኪና ድምፅ መላክ «ጫጫታ ስለሆነ» ይከለክላል። የስፌት መኪና ቡድን ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ መከልከል ለእኔ ቢጤው አይታሰብም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለማሰብ መማር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ። ሦስቱን ካወረዱ በኋላ ጥያቄ መመለሱን ራስዎ ተረከቡት፤ ድካምዎን እግዜር ይቁጠርልዎት። አንዲት ሙሽራ የእናቷ መኪና ቀሚሷን እየነከሰ ቢያስቸግራት «መኪናው ደክሞታል፣ ሦስት ቀን ይረፍ» አሏት። አረፈ። በአራተኛው ቀን ብርታት አግኝቶ እጅጌውን ጨረሰው።

አራተኛው ይከብደኛልና አጭር አደርገዋለሁ። «ቡድኑን ለማጽዳት» የቆዩትን የድምፅ መልእክቶች ሁሉ በዚህ ሐሙስ እንደሚደመስሱ አስታወቁ። ከእነዚያ ውስጥ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራቱ የልጄ ናቸው። እኔ በቀን አንድ ብቻ እሰማለሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቶሎ እንዳታልቅብኝ። አሁን ሁለት መቶ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ገና ብዙ ዓመት የምታናግረኝን ልጅ ነው እርስዎ ሐሙስ ሊያጸዱ የቀጠሩት።

አምስተኛ፣ ማለትም ሳቄ የጀመረበት። የልጄን ስልክ ቻርጅ እያደረግሁ አኖረዋለሁ፤ መልእክት ግን ደፍሬ አልከፍትም ነበር። ከትናንት ወዲያ ሰኞ በተከታታይ ሲጮህ ከፈትሁት። የእርስዎ ነው። የመጀመሪያው «የተከበርሽ እትዬ ክር፣ ስልክ ስቀይር በአደራ ያስያዝኩሽን የባለቤትነት ቁልፍ ብትመልሺልኝ» ይላል። ሁለተኛው «ደጋግሜ መጠየቅ አልወድም» ይላል። ሦስተኛው «ዝምታሽ ንቀት ነው። ሌላ ሥራ ይዘሽ ከሆነ ንገሪኝ» ይላል። አይ ጌታዬ፣ ሌላ ሥራ አልያዘችም። ንቀትም አይደለም፤ አስተዳደጓ እንዲያ አልነበረም።

እኔ የቁልፍ ነገር አይገባኝምና ስልኩን ይዤ ነርሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ሄድሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበች፣ አንዴ ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እማማ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ባለቤት አይደሉም! ከእርሷ ስም ጎን ነው ‹ባለቤት› የሚለው! ያለዚህ ስልክ አንዲት ድምፅ መሰረዝ አይችሉም!» አለች። አንድ በሽተኛ ከነምርኩዙ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። ከዚያ ደግሞ «ሦስት ቀን ይረፍ» የሚለው ትዝ አለንና እንደገና ሳቅን።

እንግዲህ አደራ አልበላም። በርግጥ በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ስለዚህ ያስያዙትን ቆጥሬ ልመልስልዎት ተነሣሁ። ለልጄ ያስረከቧት አሥር አባላት ነበሩ። ከአሥሩ ሁለቱ እርስዎ ራስዎ በሁለት ስልክ ነዎት። ስምንቱን ጠየቅኋቸው፤ «እኛ እዚሁ ደኅና ነን» አሉ። የቀሩትን ሁለቱን ግን በማንኛውም ሰዓት መውሰድ ይችላሉ።

እስከዚያው ትናንት መነጽሬን አድርጌ፣ ነርሷ የጻፈችልኝን ወረቀት እያየሁ፣ በአንድ ጣት የሚከተለውን ፈጽሜያለሁ። ሦስቱን ወደ ቦታቸው መለስሁ። አሥራ አራቱን ሕግ አነሣሁ። ልጄ በስድስት ዓመት አንድም ሰው አባርራ ስለማታውቅ እርስዎንም አላባረርሁም፤ ከእንግዲህ ተራ አባል ነዎት፣ እንኳን ደኅና መጡ። ቁልፉንም እኔ አላስቀረሁትም፣ ድምፆቹ እንዳይነኩ ቃል አስገብቼ ለነርሷ ሰጠሁ። ይህን ሳስታውቅ ጋሼ ጥርስ መኪናቸውን አስኬዱ። ቀጥሎ መጋረጃ ሰፊዋ። ከዚያ እጅጌዋ የተበላባት ሙሽራ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሁለት መቶ ያህል መኪና ሲዘፍን ዋለ፤ እኔም ወጥ ቤት መሐል ብቻዬን እስክስታ መታሁ፣ በዚህ ጉልበቴ!

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም የማናውቀውን መብታችንን በገዛ እጅዎ ጽፈው ስላሳወቁን፣ ምስጋናዬ ከመሬት ዝቅ ያለ ነው። ዕድሜ ይስጥዎት፤ ጣቶችዎንም ያሳርፍልዎት።

የከበረ ሰላምታዬን በሁለት እጄ ይዤ የማቀርብልዎ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ብዙ ሞክሬ ያልሆነልኝ፣

የእትዬ ክር እናት

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በቡድኑ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት እርስዎ ነበሩ። «መርፌው ክር አልቀበል አለኝ» ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል፤ ልጄም ሦስት ጊዜ በትዕግሥት አስረድታ፣ ፎቶ ሲልኩላት «ጋሼዬ፣ መጀመሪያ መኪናው ላይ መርፌ ይግባ!» ብላለች። ሐሙስ ሊደመስሱ ካሰቧቸው አንዱ ነው። ሁሉም ሰው እንዲማርበት በቡድኑ አናት ላይ እንዲሰቀል አድርጌያለሁ። እስካሁን ከሰማኋቸው ውስጥ ልጄ ትንፋሽ እስኪያጥራት የሳቀችው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ለዚህችስ፣ ያለ ምንም ሽሙጥ፣ አመሰግንዎታለሁ።