ሳይሰማ የከረመው ካሴት

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከዐሥር ቀን ሆነ። ተዝካርህን አውጥተን፣ ድንኳኑን አፍርሰን፣ የተዋስነውን ድስት ለየባለቤቱ መልሰን ገና መቀመጤ ነው። እንደምን አለህ ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ራሴን ታዘብኩት። መልሱን ማን ይነግረኛል? ስለዚህ የዚህን የቤትህን ወሬ እኔው ላውራህ።

የሻይ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያቺን የምታንጠባጥብ ቀዳዳ አስደፍኛታለሁ። አንተ ነገ ነገ እያልክ ሦስት ክረምት ያሳለፍካትን፣ ሰውዬው በአንድ ጥዋት ጨርሷት ሄደ። ተናደድክ? እሰይ፣ ተናደድ። የጓሮዋ ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎነበስ አፍርታ መንገደኛው ሁሉ ሲመርቃት ከረመ። እናትህ ደግሞ ከጓሮው ክፍል ወጥተው ከእኔ ጋር ነው የሚያድሩት። በሕይወት ሳለህ ይህን ብነግርህ ሰክረሻል ትለኝ ነበር። እኔና እናትህ፣ እሳትና ጭድ ያልከን ሰዎች፣ አሁን አንዳችን ስታስል ሌላዋ ውኃ ይዛ ትነሳለች። እንዴት እንደዚህ እንደሆንን ልንገርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ምክንያቱ ያ ካሴትህ ነው።

ጋሼ መኮንን ከአሰብ ጭኖ ሲመጣ፣ ተሳቢውን ከበራችን አቁሞ ካሴቱን ከደረት ኪሱ ያወጣልህ ቀን ዓይኔ ላይ አለ። ሽፋኑ ላይ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ አራት ፈረንጆች ቆመዋል። ሮክ የሚሉት ነው አለህ። ወደቡ ላይ የሸጠለት ሰው እንዳጫወተው፣ እነዚህ ልጆች ከሃያ ዓመት በላይ ዘፍነው፣ ካሴት በካሴት ላይ አውጥተው፣ በመጨረሻ ከሁሉም ምርጥ ምርጡን ለቅመው በዚህች በአንዷ አሰባሰቡት። አንተ ገና ዘፈኑን ሳትሰማ ይህቺ ነገር ያዘችህ። ስንቱን ጥለውት ይሆን እያልክ ስትብሰለሰል ዋልክ። ጥሩውን ከመጥፎ መለየትማ ማንም ይችላል፣ ጥሩውን ከጥሩ መለየት ግን ጨካኝ አንጀት ይጠይቃል አልከኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ እስቲ አንተም ከሸሚዞችህ መካከል አንዱን ጣል አልኩህ።

እውነቱን ልንገርህ አይደል? መጀመሪያ ስትከፍተው ብረት ድስት በደረጃ የተንከባለለ ነበር የመሰለኝ። እናትህ አማትበው ነጠላቸውን አጣፉና ጓሮ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴፑ ሲከፈት እሳቸው ጓሮ፣ ሲዘጋ እሳቸው ቤት ሆነ። አንተ ግን የሻይ ብርጭቆ በእጅህ እንደያዝክ ቆመህ ቀረህ። ሻዩን ያዘዘው ሰውዬ ቀዝቅዞበት ሲጮህም አልሰማኸውም።

እንግሊዝኛህ ያው አውቶቡስ ላይ ማጨስ ክልክል ነው የምትለዋን ማወቅ ነበረች። ግን አላፈርክም። ቃሉ ካልገባኝ ጉዞው ይገባኛል ብለህ ለእያንዳንዱ ዘፈን ስም አወጣህለት። ጊታሩ ከታች በከባድ ማርሽ ተነስቶ እያቃሰተ የሚወጣውን፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ከበሮ ብቻ የሚቀርበትንና በመጨረሻ ድንገት የሚፈነዳውን በመንገዳችን ተራራ ስም ጣርማ በር አልከው። ዳገቱ፣ ዋሻው፣ ከዋሻው ሲወጡ ዓይን የሚያጠፋው ብርሃን፣ ሁሉም አለበት። ያ የሚክለፈለፈው ፍሬን የለሽ ሆነ። ወፍራሙ ጊታር ጉልበት ውስጥ የሚገባበት ደግሞ ቁርጥማት። ሾፌሮቹ ወዲያው ለመዱት። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ጣርማ በርን ካልከፈትክልኝ አልነሳም ይል ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ስንት ሻይ ቤት አለ፣ የእኛ በር ላይ ግን መኪናው ይሰለፍ ነበር። እኔ በሻዬ ነው እል ነበር። ይኸው ዛሬ ላንተ ስል አምኛለሁ፣ በሻዬ አልነበረም።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ይህ የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ምንድን ነው ያለህ ቀን ደግሞ እኔ ጓዳ ውስጥ ተሸሽጌ እሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው በማያውቀው ቃል እየተጠረጠረ ይወሰድ ነበር። አንተ ግን ፓስቲውን አቅርበህለት ረጋ ብለህ፣ ጓድ፣ እነዚህ የፋብሪካ ወዛደሮች ናቸው፣ በአሠሪያቸው ላይ ነው እንዲህ የሚጮሁት፣ ልብ ብለህ ስማው አልከው። ሰውዬው ልብ ብሎ ሰማ። ራሱን እየነቀነቀ ብሶታቸውስ ብሶት ነው ብሎ ሁለተኛ ፓስቲ አዘዘ። እኔ አፌን በመቀነቴ አፍኜ ስቄ ስቄ ሆዴን ታመምኩ። ምን ዓይነት ሰው ነበርክ! ፍርሃት እንደሌላ ሰው ያውቅህ ነበር፣ ብቻ ሲያይህ ይረሳህ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ያች ጥቅምት መጣች። ወባ ናት፣ በሦስት ቀን ትለቀኛለች አልከኝ። በአራተኛው ቀን አንተው ለቀቅከኝ። ስለ እሱ አልጽፍልህም፣ እዚያው ነበርክ።

አገር የሚያውቀው ነው፣ ሐዘን ቤት ዘፈን የለም። እናትህ ቴፑን በነጭ ሻሽ ሸፍነው ቆጥ ላይ ሰቀሉትና ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እዚህ ቤት ድምፅ የሚባል እንዳልሰማ አሉ። እኔም ጥቁሬን ለብሼ እሺ አልኩ፤ ለማን ብዬ እከፍተዋለሁ? መኪናዎቹ መጀመሪያ እየቆሙ አስተዛዘኑኝ፣ ኋላ ጥሩምባ እየነፉ ማለፍ ጀመሩ። አልፈረድኩባቸውም።

አርባህ ካለፈ በኋላ ግን ሰይድ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ወሬ ወሬ ሲያመጣው ያ ካሴት እንዴት ነው አለኝ። ዝም ብሎ ተቀምጧል አልኩት። ደነገጠ። በዚህ በሮቢት ሙቀት ሳይዞር የከረመ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ዓመት ቆይተሽ ብትከፍቺው ቴፑ ቆርጦ ይበላዋል፣ አላህ ይጠብቀው አለ። አየህ ጣጣዬን? ሐዘንህን ባከብር ካሴትህ ይሞታል። ካሴትህን ባድን ሐዘንህን አረክሳለሁ። ከእጅህ ወጥቶ የቀረልኝ ነገር ሸሚዝህና እሱ ብቻ ነው፣ ሸሚዙስ አይናገርም።

እናም እሑድ እሑድ እናትህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ካሴቱን አውጥቼ በእስክሪብቶ ማዞር ጀመርኩ። ያለ ድምፅ፣ በእጄ፣ ከዳር እስከ ዳር። እጄ ይደክማል እንጂ ዘፈኑን በልቤ አውቀዋለሁ። አንድ እሑድ ታዲያ ራሳቸውን አሟቸው ቅዳሴው ሳያልቅ ተመለሱና እጅ ከፍንጅ ያዙኝ። የልጄ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን! ብለው ጮኹ፣ ታዴ፣ ጩኸታቸው መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ድምፅ የለውም እማማ፣ ይኸው ብዬ ጆሮአቸው ሥር አዞርኩት። የሰይድን ቃል ነገርኳቸው። ይህ ከተቆረጠ እሱ የሚወደውን ነገር ሁለት ጊዜ ቀበርነው ማለት ነው አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጠዋት ስነሳ ካሴቱን ጉድጓድ ከተውት አገኘዋለሁ እያልኩ ነበር የማድረው።

በአራተኛው ቀን ጠሩኝ። ካሴቱ ጭናቸው ላይ ነው። እስክሪብቶዬ ያላላውን ክር በጣታቸው እያሳዩ፣ ፈትል እንዲህ አይጠቀለልም፣ ማን ነው ያስተማረሽ ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ እንዝርታቸውን አነሱ። ዘንጉ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ ጥጥ ጠመጠሙበት፣ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት፣ ያ አምሳ ዓመት የፈተለ እጃቸው ማዞር ጀመረ። ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ፣ እኩል። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሽፋኑንም አንስተው ፈረንጆቹን ትክ ብለው አዩና፣ ጸጉራቸውን እንዲህ ያሳደጉት የማን ሐዘንተኞች ሆነው ነው አሉኝ። አልሳቅኩም። የታዴ ናቸው እማማ አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በየዐሥራ አምስት ቀኑ የሁለታችን ሥራ ሆነ። እሳቸው እያዞሩ አሁን የት ደረስን ይሉኛል። እኔም ክሩ የቱ ጋ እንደሆነ አይቼ አሁን ዳገቱን ጀምረናል፣ አሁን ዋሻ ገባን፣ አሁን ፍሬን የለሹ ነው ይጠንቀቁ እላቸዋለሁ። አንተ ስም ስታወጣ ያልከውን፣ ሾፌሮቹ የመለሱልህን፣ የሊቀመንበሩንም ታሪክ ሳይቀር አወራኋቸው። ልጃቸው እኔ ዘንድ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ያወቁት ያኔ ነው መሰለኝ። ወደ ኋላ ስንመልሰው የሚያልፈው የሁለተኛው ገጽ ነበር። ስለ እሱ ግን አላወራኋቸውም፣ ቀስ ያሉት ዘፈኖች ስለሆኑ ያስለቅሱኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ተዝካርህ በወጣ ማግሥት፣ ሰይድ የቴፑን ጥርስ በአልኮል ጠራርጎ ኢንሻአላህ ይዘፍናል አለኝ። ጋሼ መኮንን ከነተሳቢው መጣ፣ ሌሎች ሁለት ሾፌሮችም ተከትለውት ገቡ። እናትህ ጓሮ አልወጡም። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ክፈቺው አሉኝ። አንድ ጊዜ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ድምፁ እንደዚያው፣ እንደ ድሮው መጣ። አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ ይንሻፈፋል፣ እሱ የእኔ እስክሪብቶ ያላላው ነው። እናትህ ሳይነገራቸው ዳገቱን አወቁት። ከበሮው ብቻ ሲቀር እጃቸውን አንስተው ዋሻ ገባን አሉ። ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

አንደኛው ገጽ አልቆ ጠቅ አለ። መገልበጡ ያንተ ሥራ ነበር፣ ማንንም አታስነካም ነበር። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እናትህ ከዚህ በኋላስ ምን አለ ብለው ጋሼ መኮንንን ጠየቁት። እሱም፣ እማማ፣ ይህ የሰማነው በወጣትነታቸው የዘፈኑት ነው፣ ያኛው ጎልምሰው፣ ልጅ ወልደው፣ ድምፃቸው ወፍሮ የዘፈኑት ነው፣ አርባውን ካለፉ በኋላ፣ አላቸው። አንተ ሠላሳ ስድስት ነበርክ ታዴ። እናትህ ቀና ብለው ሳያለቅሱ አዩኝና፣ ገልብጪው ልጄ፣ እሱ ያልደረሰበትን ዕድሜ እንስማለት አሉኝ።

ልጄ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው፣ ከተጋባን በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ገለበጥኩት።

እንግዲህ ውዴ፣ የምገባልህ ቃል ይህ ነው። አርባውን አልፌ፣ ሸብቼ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ ዕድሜዬ የሚያሳየኝን ሁሉ ላንተም ነው የማየው። ጥሩውን ከጥሩ መምረጥ ግን ከእኔ አትጠብቅ። አንጀቱ የለኝም፣ ካንተ አንድም የምጥለው የለኝ፣ ማንኮራፋትህንም ጭምር።

ያንተው አስካለ፣
ሸዋ ሮቢት