እማማ ያንተን ፈቃድ ትጠብቃለች

አባዬ፣ እንዴት ነህ አልልህም፤ እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ፒያሳ ያለው ወርቅ ቤትህ አሁን ጫማ ይሸጥበታል።

እናትህ እማማ ግን መሞትህን አታውቅም። ማለቴ፣ ሦስቴ ተረድታለች። ሦስቴም እንደ አዲስ ደረቷን ደቅታ አልቅሳ፣ በማግስቱ ረስታው "ልጄ አልገባም?" ብላለች። ከዚያ መርዶው ይብቃ ተባለ። አሁን ክፍሏ ከመግባታችን በፊት በር ላይ ጥቁራችንን እናወልቃለን። የት ሄደ ስትል ወንድምህ ጋሼ ተፈራ "ድሬዳዋ" ይላሉ፤ እህትህ እትዬ አልማዝ "ጅማ"። ትልልቆቹ ተስማምተው መዋሸት እንኳን አይችሉም። አንተ ብትሰማቸው በሳቅ ትሞት ነበር። ይቅርታ፣ አፌ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና ያለው ሐኪሟ፣ ለመርሳት በሽታዋ ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት አለ አለን። ዘረ መሏን አይለውጠውም፤ ከዕድሜ ጋር የተዘጋውን ዘረ መል ይከፍትና የነርቭ ሴሎች የሚያድጉበትን ንጥረ ነገር እንደገና እንዲያመርቱ ያደርጋል። ጋሼ ተፈራ "ማዳበሪያ ነው በለኛ!" ብለው ባለሙያ ሆነው ቁጭ። ሐኪሙ ግን "በአይጥ እንጂ በሰው ገና አልተረጋገጠም" አለ።

ሁሉም ደስ ሲላቸው እኔ ሌላ ሌላውን አሰብኩ። ካልሠራ ነገ እኔንም ትረሳኛለች። ከሠራስ? አራተኛው መርዶ የማትረሳው ይሆናል።

እማማ ደግሞ "ልጄ ካልፈቀደ ክኒን አልውጥም" አለች። ጋሼ ተፈራ ጥግ ወስደው፣ "ድምፅህ ቁርጥ የአባትህ ነው። ከሳሎን ደውልና 'እማዬ፣ ውሰጂው' በላት" አሉኝ። በድምፅህ እየደወልኩ ጓደኞችህን ስንቴ እንደሸወድኳቸው ታውቃለህ። ደወልኩ። "ሃሎ" ከማለቴ "ልጄ!" አለች። ደስታዋ አስፈራኝ፤ ዘጋሁት።

ገብቼ እግሯ ሥር ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች። ቆይታ፣ "መድኃኒቱ ይህን እንዳልረሳ ያደርገኛል?" አለችኝ።

"ምናልባት፣ እማማ።"

"ሐዘኑን ስትደብቁኝ ልጄንም ነው የደበቃችሁኝ። አምጡት፣ እውጠዋለሁ።"

ሰኞ ትጀምራለች። ዛሬ ጠዋት አንተ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀችኝ፤ ያለችውን ረስታዋለች። ሐኪሙ ሰኞም ትፈቅድ እንደሆነ ራሷን ይጠይቃታል፤ ያኔ እንደገና መንገር አለብኝ። እፈራለሁ አባዬ፣ በጣም እፈራለሁ። ብታስታውስህ አብሬያት አለቅስልሃለሁ። ባታስታውስህም የእሷን ድርሻ ጨምሬ እኔ አስታውስሃለሁ።

ያው አስቸጋሪው ልጅህ፣
ናሆም